አባቴ እግራቸው ከተቆረጠ 3ኛ ሳምንታቸው ነው። በአማርኛ የሚነበብ ወይም የሚደመጥ ነገር የሚያውቅ አለ?

የኮምቦልቻዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። ሰኔ ላይ በግራ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ትንሽ ቁስል ወጣች። ጫማ የላጣቸው መስሎን ናቅናት። እሳቸውም አያመኝም አሉ። እግራቸው ደንዝዞ ስለነበር በእውነትም አላመማቸውም። ነሐሴ ላይ ጠቆረች። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ በጥድፊያ ነው ያለፈው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሆስፒታል 11 ቀን ቆይተን ወጣን። ስንወጣ የያዝነው የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀጠሮ ወረቀትና «ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው» የሚል አንድ ምክር ነው። ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ ነው ምንም እንደማናውቅ የገባን። እንዴት ነው የሚተኙት? ሽንት ቤት እንዴት ነው የሚገቡት? ሰው ሠራሽ እግር የሚባለው መቼ ነው? ማን ነው የሚሰጠው?

ሌላም አለ። ሌሊት ሌሊት የሌለው እግራቸው ያማቸዋል። ጣቶቼ ተጣጠፉ፣ አቃኑልኝ ይላሉ። ትናንት «እግሬን የት ነው የቀበራችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። ወንድሜ ነው ወስዶ የቀበረው። ነገርኳቸው። ከዚያ ዝም አሉ።

እንግሊዝኛ ብዙ ነገር አለ፣ አይቻለሁ። አባቴ ግን የሚያነቡት አማርኛ ነው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ፊዚዮ_ጎንደር

እህቴ፣ አይዞሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽና ከዚያ እቀጥላለሁ። አባትሽ ሲተኙ ጉልበታቸው ሥር ትራስ አለ?

የኮምቦልቻዋ

አዎ። እናቴ ሁለት ትራስ ታደርግላቸዋለች። ያሳርፋቸዋል።

ፊዚዮ_ጎንደር

እንደጠረጠርኩት ነው። ትራሱን ዛሬ ማታ አውጡት። እናትሽን አትቆጫት፣ ሁሉም ቤት የሚደረግ ነው፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን ጉልበቱ ታጥፎ ሳምንታት ከቆየ ከኋላ ያለው ጅማት ያጥራል። ከዚያ ጉልበቱ አልቃና ይላል። ያልቃና ጉልበት ላይ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም በጣም ከባድ ነው። እግር የሚሠሩ ባለሙያዎች ጋ ደርሰው «መጀመሪያ ጉልበትህን አቃና» ተብለው ወራት የሚያባክኑ ሰዎችን አያለሁ። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሚከለከለው በነጻ ነው።

ስለዚህ ሲተኙ ጉልበቱ ቀጥ ይበል። ሲቀመጡም እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አይዋል። ወንበር ላይ ከሆኑ ከፊታቸው ሌላ ወንበር ወይም በርጩማ አድርጉና ጉልበቱን ዘርግተው ያሳርፉት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ በሆዳቸው ይተኙ፣ 20 ደቂቃ ያህል። ዳሌያቸው እንዳይታጠፍ ነው። በሆድ መተኛት ካስቸገራቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው አታስገድዷቸው፤ በጀርባ ተኝተው ቀጥ ማለትም ይረዳል።

ሁለተኛው ፋሻ ነው። ቁስሉ ሲደርቅና ሐኪሙ ሲፈቅድ እግሩን በሚለጠጥ ፋሻ ማሰር ይጀመራል። እብጠቱን ይቀንሳል፣ ቅርጹንም ያስተካክላል። አስተሳሰሩ በ8 ቁጥር ቅርጽ በሰያፍ እያመሳቀሉ ነው። ዝም ብሎ ዙሪያውን እንደ ቀለበት መጠምጠም ደም ያግዳል። ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። በቀን ደጋግሞ ፈትቶ ማሰር ያስፈልጋል፤ ይላላልና። አባትሽ የደም ዝውውር ችግር ስላለባቸው ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አትጀምሩ። በቀጠሯችሁ ቀን ነርሷን «አንቺ እሰሪ፣ እኔ በስልኬ ልቅረጽ» በያት። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።

ሦስተኛው፣ እና ለእኔ ትልቁ፣ ቀኝ እግራቸው ነው። በስኳር አንድ እግሩን ያጣ ሰው ሌላኛውንም የማጣት አደጋ አለበት። በየማታው ቀኝ እግራቸውን ከሥሩ፣ በጣቶቹ መሃልም ጭምር እዩት። ራሳቸው ማየት ከፈለጉ ትንሽ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጡላቸው። ባዶ እግር ቤት ውስጥም ቢሆን የለም። እሳት ዳር እግር ማሞቅም የለም፤ ደንዛዛ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። ጫማ ከመልበሳቸው በፊት ውስጡን በእጅ ይፈትሹ።

ስለ ሌሊቱ ሕመም ማታ እመለሳለሁ፣ ታካሚ ገባ።

ሾፌሩ

እህቴ፣ የእኔ ከጉልበት በላይ ነው። የመኪና አደጋ ነው፣ 9 ዓመት ሆነው። አሁን እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። እኔ ያኔ የፈለግሁት ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት። የመጀመሪያው ወር ላይ ሽንቴ መጥቶ ከእንቅልፌ ተነሳሁና እንደ ድሮው ተራመድኩ። እግሬ እንደሌለ እንቅልፍ አስረሳኝ። በቁስሉ ነው የወደቅሁት። ስፌቱ ተፈታ፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ገባሁ። ፊዚዮው የነገረሽን ሁሉ እያደረጋችሁ በዚህ አንድ ውድቀት ሁሉም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ እግራቸው በተቆረጠበት በኩል፣ አልጋው ጥግ ላይ ወንበር አድርጉ። ሲነሱ እጃቸው ይነካዋል፣ ያስታውሳቸዋል። ትንሽ መብራት አብርታችሁ እደሩ። አልጋ ሥር የሚደረግ የሽንት ዕቃ አስቀምጡላቸው፣ አይፈሩ።

ሽንት ቤታችሁ የመቀመጫ ነው ወይስ የቁጢጥ?

የኮምቦልቻዋ

የቁጢጥ ነው፣ ግቢ ውስጥ። እስካሁን እኔና ወንድሜ ግራና ቀኝ ይዘናቸው ነው። በጣም ያፍራሉ። ውሃ መጠጣት ቀንሰዋል፣ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ሾፌሩ

ብየዳ ቤት ሂጂ። ጠንካራ የብረት ወንበር መሃሉን ክብ አስቆርጠሽ ቀዳዳው ላይ አስቀምጪው። አራቱም እግሮች ሰፋ ብለው እንዳይንሸራተቱ ጎማ ይግባላቸው። የፕላስቲክ ወንበር ቀዶ የሚጠቀም አለ፤ እኔ አልመክርም፣ ሲደክም ይሰነጠቃል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የውሃ ቧንቧ ብረት አስበይጂ፣ ለመያዣ። ከቤት እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ጭቃ ከሆነ ጠጠር አልብሱት። በክራንች ጭቃ ላይ መሄድ ሞት ነው።

ይህን ያደረግሁ ቀን ነው ሰው የሆንኩት። እግር ከመግጠሜ በፊት።

ፊዚዮ_ጎንደር

ሾፌሩ ያለው ወርቅ ነው። ይህን የትኛውም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም፣ ከታካሚዎቼ ነው የተማርኩት።

አሁን የሌሊቱ ሕመም። አባትሽ አላበዱም፣ የሚያዩትም ቅዠት አይደለም። አንጎል የእግሩን ካርታ አልጣለም። መልእክት ይጠብቃል፣ መልእክት አይመጣም፣ ያንን ዝምታ ሕመም አድርጎ ይተረጉመዋል። እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች በጣም ብዙዎቹ ይሰማቸዋል። ፓሬ የሚባል ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ለሐኪሙ ይነገር። ተራ ማስታገሻ ብዙ ጊዜ አይሠራለትም፤ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ቀጥሎ መንካት። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ቆዳውን በጥጥ ቀስ ብለው ይዳብሱ። ጥቂት ቀን ቆይተው በነጠላ፣ ከዚያ በጋቢ፣ ከዚያ በፎጣ። ቆዳው ይለምዳል፣ አንጎልም «እግሩ እዚህ ያበቃል» የሚለውን ይማራል።

ከዚያ መስታወት አለ። በ1990ዎቹ ራማቻንድራን የሚባል የነርቭ ተመራማሪ ያስተዋወቀው ነው። አባትሽ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡ። ረዘም ያለ መስታወት በሁለቱ እግሮች መሃል በጎኑ ይቁም፣ ፊቱ ወደ ደህናው እግር። የተቆረጠው ከመስታወቱ ጀርባ ይደበቃል። መስታወቱ ውስጥ ሲያዩ ሁለት እግር ያያሉ። ደህናውን እግር ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ፣ ጣቶቻቸውን ይዘርጉ፣ ዓይናቸው ከመስታወቱ አይነሳ። በቀን 15 ደቂቃ ያህል። ሁሉንም አይረዳም። የሚረዳቸው ሰዎች ግን «ጣቶቼ ተፈቱ» ይላሉ። መጀመሪያ ቀን አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አብረሻቸው ሁኚ።

ሰላም_ቨርጂኒያ

የኔ እህት፣ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እኔም ከጉልበት በታች ነኝ፣ 4 ዓመቴ። እዚህ አምፑቲ ኮአሊሽን የሚባል ድርጅት አለ፣ በ1986 የተቋቋመ። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ በእነሱ የሠለጠነች አንዲት ሴት መጣች። ራሷ እግሯ የተቆረጠ ናት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሱሪዋን ሰብስባ ሰው ሠራሽ እግሯን አሳየችኝ። ብዙ አላወራችም። እኔ ግን በዚያ ቀን ነው መብላት የጀመርኩት።

ጽሑፎቻቸው ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ አሉ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። አማርኛ ግን አላገኘሁም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ደግሞ ለእግር ተቆራጮች የመራመድ ልምምድ የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ አለው፣ አብዛኛው ሥዕል ነው። ማንበብ ሳያስፈልግ እያዩ መሥራት ይቻላል። እሱን ስልክሽ ላይ አውርጂና ትልቅ አድርገሽ አሳትሚላቸው።

ደግሞ ሲሊኮን ላይነር አለኝ፣ አንድ ትርፍ። እግሩ ላይ እንደ ካልሲ የሚገባ ነው፣ ውድ ነው። ልላክላቸው?

ፊዚዮ_ጎንደር

ልብሽ ይባረክ፣ ግን አትላኪው። ላይነር በሰው እግር ልክና በሶኬቱ ዓይነት ነው የሚመረጥ፤ ሶኬት የሚባለው የተቆረጠው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል ነው። እኛ አገር በብዛት የሚሠራው የፖሊፕሮፒሊን እግር ነው። በጄሶ ልክ ተወስዶ፣ ፕላስቲኩ በሙቀት ተለስልሶ ቅርጽ ይይዛል። ውስጡ ስፖንጅ መሰል ለስላሳ ነገር አለው፣ በካልሲ ይለበሳል። ቀይ መስቀል ኮሚቴው ያዳበረው ቴክኖሎጂ ነው፤ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ሲሰበርም እዚሁ ይጠገናል። ለእሱ ያልተሠራ ላይነር ቢገባበት ይጠብና ቆዳ ያቆስላል። ከውጭ ያገለገለ ሙሉ እግር መላክም እንዲሁ ነው። ሶኬት የአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እንደ ጥርስ።

ሰላም_ቨርጂኒያ

አላወቅሁም ነበር። ለአንድ ዘመዴ ልኬ ነበር፣ አሁን ገባኝ ለምን እንዳልተጠቀመበት። እሺ፣ ሌላ ነገር ላድርግ። ዋና ዋናውን ወደ አማርኛ መልሼ በድምፄ ላንብበው። የኮምቦልቻዋ ለአባቷ ታሰማቸው። ፊዚዮ፣ ጽሑፉን አስቀድመህ ታያለህ?

ፊዚዮ_ጎንደር

አያለሁ። አጭር አጭር ይሁን፣ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ። አንድ ድምፅ አንድ ጉዳይ። ስለ አተኛኘት ያለውን አስቀድሚ። እባክሽ «ጉቶ» አትበይ፣ ብዙዎቹ ቃሉን ይጠላሉ።

የኮምቦልቻዋ

አባቴም «እግሬ» ነው የሚሉት። እባካችሁ «እግር» ይባል።

ወላጅ_እናት

ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የእኔ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ኳስ ሲጫወት ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ ጋ ወሰድነው፣ አጥብቆ በቀርከሃ አሰረው። ልጄ ሌሊቱን ጮኸ። ይሻለዋል፣ እንዲህ ነው አሉን። በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ጥቁር ነበሩ። እባካችሁ በድምፁ ውስጥ ይህም ይግባ። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ተፈትቶ ሆስፒታል ነው። ያኔ ይህን አንድ ሰው ነግሮኝ ቢሆን።

ፊዚዮ_ጎንደር

እናቴ፣ ይገባል። ለብቻው አንድ ድምፅ እናደርገዋለን። እርስዎ ቢናገሩት ደግሞ ከእኔ የበለጠ ይሰማል። ልጅዎ አሁን እግር ገጥሟል?

ወላጅ_እናት

ገጥሟል፣ ባሕር ዳር ነው የተሠራለት። ግን ያድጋል፣ ቶሎ ቶሎ ይጠበዋል። እናገራለሁ። ስሜ ግን ይቅር።

ሾፌሩ

ስለ ሥራም አንድ ነገር ይግባ። እኔ ከአደጋው በኋላ የነበርኩበት ድርጅት «አሁን ምን ትሠራለህ» ብሎ አሰናበተኝ። ሕግ እንዳለ አላውቅም ነበር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ነው። በአካል ጉዳት ምክንያት ሠራተኛን መለየት ይከለክላል። አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ማስተካከያ እንዲያደርግም ያዛል። ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ።

የኮምቦልቻዋ (ከ4 ወር በኋላ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ።

አባቴ ደሴ ሄደው እግራቸው ተሠራላቸው። ባለሙያው ጉልበታቸውን ዘርግቶ አጥፎ አየና «ማን ነው ያስተማራችሁ?» አለ። ትራሱን ያወጣን ቀን እናቴ አኩርፋ ነበር። አሁን ለጎረቤት ሁሉ ትናገራለች።

በጄሶ ልክ ወሰዱ። መጀመሪያ ቀን በሁለት ብረት መሃል አቆሟቸው። አባቴ ቆመው አይተናቸው ወራት አልፎ ነበር። ወንድሜ ወጣ፣ ማልቀስ ስላልፈለገ።

ለሚከተለን ሰው የተማርነውን ልጻፍ። በመጀመሪያ ቀን ሙሉ አይለበስም። ለግማሽ ሰዓት ለብሰው ያወልቃሉ፣ ቆዳው ይታያል። የቀላው ቦታ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ለባለሙያው ይነገራል፣ በግድ አይለመድም። ማታ በለዘብተኛ ሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። አልኮል አይቀባም፣ ፀጉሩ አይላጭም። ካልሲው በየቀኑ ይታጠባል። እግሩ በመጀመሪያው ዓመት እየቀነሰ ስለሚሄድ ሶኬቱ ይሰፋል። ጠዋት በአንድ ካልሲ የሄዱት ከሰዓት ሁለት ይፈልጋሉ። አባቴ አሁን ትርፍ ካልሲ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚወጡት። ቶሎ ይደክማሉ፤ ፊዚዮ እንዳለን በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ከድሮው ቢያንስ ሩብ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይበላል። ስንፍና አለመሆኑን ማወቃችን ቤቱን አሳርፎታል።

አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። መስጊድ። እግሩ የተስተካከለው በጫማቸው ተረከዝ ከፍታ ነው። በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ወደ ኋላ ሊጥላቸው ደረሰ። አንድ ሰው ደገፋቸው። ተመልሰን ስንጠይቅ ባለሙያው ተረከዙ ዝቅ ባለ ጠፍጣፋ ጫማ መልሶ አስተካከለላቸው። አሁን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ኢማሙን አማክረው ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። ጁምዓ አያመልጣቸውም።

ሾፌሩ

እኔም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንደዚያው ሆኜ አውቃለሁ። መቋሚያዬ ነው ያዳነኝ። ልክ ሲወሰድ «ጫማ የማወልቅበት ቦታ እሄዳለሁ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ይህ ድምፁ ውስጥ አለ?

ሰላም_ቨርጂኒያ

የለም። ዛሬ ማታ እጨምረዋለሁ። ይህ 8ኛው ይሆናል። የእንግሊዝኛው ውስጥ አላየሁትም፣ እዚያ ጫማ አያወልቁማ።

አባባ የሌሊቱ ሕመምስ?

የኮምቦልቻዋ

አልጠፋም፣ ቀንሷል። መስታወቱን ለሁለት ወር ያህል ሠሩት። ሲበርዳቸው ወይም ሲከፋቸው ይመጣል። ያኔ ፋሻውን ጠበቅ ያደርጉና ጋቢ ይደርቡበታል። የአንቺን ድምፅም ይከፍታሉ። «ይቺ የአሜሪካዋ ልጅ» ነው የሚሉሽ። ባለፈው ሳምንት ሠፈራችን ውስጥ አንድ ሰው በስኳር እግሩ ተቆርጦ ከሆስፒታል ወጣ። አባቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው ለማሳየት በእግራቸው ሄዱ። ስልካቸውንም ይዘው።

ከጅዳ_ወንድም

ሰላም። ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ጅዳ ነው የምሠራው። ታናሽ ወንድሜ አርባ ምንጭ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ያዘው። ከጉልበት በላይ ነው፣ ትናንት ከሆስፒታል ወጣ። ብር ልኬያለሁ፤ ዊልቸር ገዝተውለት ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከሰው ጋር አያወራም። ከየት ልጀምር?

ሾፌሩ

ወንድሜ፣ የእሱ እንደ እኔ ነው፤ እኔ እመልስልሃለሁ። ከጉልበት በላይ ሲሆን የሚያጥረው ዳሌው ነው፣ ቀን ሙሉ መቀመጥ ይጎዳዋል። ድምፆቹን እልክልሃለሁ፤ ስለ አተኛኘት ያለውን አስቀድመህ አሰማው። አርባ ምንጭ ላይ እግር የሚሠራበት ማዕከል አለ፣ ቁስሉ ሲደርቅ እዚያ ይሄዳል። እስከዚያ ግን ይህን ጠይቀህ ንገረኝ፦ በሆዱ መተኛት ይችላል? ማታ ደውልለትና ስልኩን ለእኔ አገናኘው። ከፈለገ ዝም ብለን እንቀመጣለን።